ከሞቱ በአርባኛው ቀን «በገዛ ፈቃዳቸው ስለ ለቀቁት» አባል

ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አሳምነው ይኸነው
የለምለም ማሳ ዘር ድንች አምራቾች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ እንዲሁም ሌት ተቀን ለማይጠፋው የቢሮዎ ኮምፒዩተር ደኅንነት ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ማናለብሽ አበረ በጥርባ መሠረታዊ ማኅበር በጸሐፊነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አሥሩን ዓመት በወፍራም መዝገብ ላይ ጻፍሁ፤ የመጨረሻውን ደግሞ እርስዎ ባመጡልን ደመና ላይ። ደመና ማለት፣ ይህን ደብዳቤ በሰሌዳ ላይ ለሚያነብ መንገደኛ፣ የዘጠኙም ማኅበራት የአባላት ዝርዝርና ደብዳቤ በኢንተርኔት አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁላችንም ከያለንበት የምንጽፍበት አሠራር ነው። ለዚህ ሥልጣኔ ምስጋና ይገባዎታልና በተራ ቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

1. ከመዝገባችን ስለገላገሉን አመሰግናለሁ። በዚያ ኋላ ቀር መዝገብ አንድ አባል ሲሞት በስሙ ጎን ትንሽ መስቀል አድርገን «ነፍስ ይማር» እንጽፍና ከሥሩ የሚስቱን ወይም የልጁን ስም እናስገባ ነበር። መመሪያ አልነበረውም፤ ሙት ከመዝገብ አይፋቅም የሚል የአባቶቻችን ልማድ ነው። በአዲሱ ሠንጠረዥ ላይ ይህንኑ ስሞክር ቀይ ምልክት አውጥቶ ትክክለኛ መረጃ እንዳስገባ ገሠጸኝ። መዝገቡም ከእንግዲህ ወረቀት አያስፈልግም ባሉት መሠረት ለባለሱቅ ተሰጥቶ ዛሬ በርበሬ ይጠቀለልበታል።

2. ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። ለዘጠኝ ጸሐፊ ዘጠኝ መግቢያ ማውጣት ብክነት መስሎ ስለታየዎ እኛም የእርስዎም ቢሮ በአንድ ሰው ስም እንድንገባ አዘዙ። ስሙም በሥልጠናው ዕለት ዘመናዊ ስልክ በኪሳቸው የተገኘው የቦርዱ ሰብሳቢና የማኅበራችን አባል የአቶ ወገኔ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከዘጠኛችን ማንኛችንም ብንጽፍ በኮምፒዩተሩ ማያ ገጽ ላይ የሚታየው «ወገኔ እያስተካከለ ነው» የሚል ነው። ለመግባትም በየማለዳው ወደ አቶ ወገኔ ስልክ ባለ ስድስት አሐዝ የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል፤ እኛም ደውለን እንቀበላለን።

አቶ ወገኔ በመጋቢት አጋማሽ አረፉ። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ጥሩ አድርገው ነው ያነበቡት፤ እኔም አልቅሻለሁ። ከቀብር መልስ ግን አቶ ወገኔ ማስተካከላቸውን አላቋረጡም። ስልካቸውም አልተዘጋም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ እንቁ በጎረቤት ሶላር እየሞሉ፣ የሐዘን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ ማለዳ ማለዳ ቁጥሩን አንድ በአንድ ሲያነቡልን ከረሙ። ሥራችሁ እንዳይፈታ ብለው ነው።

3. ሠንጠረዡ ዘር የሚወስዱትን አባላት በራሱ ጊዜ በአጭር መልእክት እንዲጠራ አድርገውታል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። በአቶ ወገኔ አርባ፣ ዳሱ ውስጥ ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው ሊቀመጥ ሲል ያ ስልክ ጮኸ። ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። «ውድ ወገኔ፣ አምስት ኩንታል ምርጥ ዘርዎን በአካል ቀርበው ይውሰዱ» ይላል። ወይዘሮ እንቁ በአዊኛ አንድ ነገር ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ይመጣል ብላችሁ ነው?» እንደ ማለት ነው።

እኔም አላስቻለኝም። በዚያው ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ፣ ያ መልእክት ዳግመኛ እንዳይመጣባቸው፣ የአቶ ወገኔን ረድፍ ከሠንጠረዡ ሰረዝሁት። አዝኜላቸው ነው። የወይዘሮ እንቁ የዘር ድርሻ በዚያው ረድፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር አላስተዋልሁም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን የምለቅምበት እንኳ አጣሁ፤ ጣቴን ሳላነሣ ከዘጠኙም ቢሮ ጠፍቶ ነበርና።

4. ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ እንቁ ድርሻቸው እንዲመለስ ባመለከቱ በሁለተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሳቸው። ማን ምን እንደለወጠ የሚያሳየው የደመናው የታሪክ መዝገብ ተፈትሾ አባሉ ስማቸውን በራሳቸው መግቢያ የሰረዙ መሆናቸው ስለተረጋገጠ «በገዛ ፈቃዳቸው እንደለቀቁ ተቆጥሯል»፤ ዝርዝሩም ለዘር ሥርጭት ተቆልፏል ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው፤ በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ወረቀት የያዘው ያው እጅ የፈረመው ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አቶ ወገኔ በሕይወታቸው ያን ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም። ከሞቱ በአርባኛው ቀን፣ ያውም በራሳቸው ተዝካር ላይ፣ ተነሥተው ረድፍ መሰረዝ ከቻሉ የሰጡን ሥልጠና ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ምስክር ነውና እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃኝ። የሰረዝሁት እኔ ነኝ። ይህን በአደባባይ መጻፌ እንጀራዬን ሊያሳጣኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ እፈራለሁም። ነገር ግን የወይዘሮ እንቁን ማሳ ጎረቤት በደቦ አርሶ አለስልሶላቸዋል፣ ዝናቡም ጀምሯል። ሥርጭቱ ግንቦት 25 ያበቃል፤ የቀረው ስምንት ቀን ነው። በየጠዋቱ ዘር የጫነ ጋሪ በደጃቸው ሲያልፍ ቆመው ያያሉ። ቀኑ ካለፈ መሬቱ ጦሙን ያድራል፣ እሳቸውና ሁለት ልጆቻቸውም እንዲሁ። አሠልጣኛችን ርሆቦት እንዳስተማረችን የተቆለፈውን ዝርዝር ከፍቶ የተሰረዘን ረድፍ መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሥልጣኑ ግን የእርስዎ ብቻ ነው። ያን አንድ ደቂቃ ይስጧቸው። እኔን ለመቅጣት ብዙ ጊዜ አለዎት።

ረድፉ ሲመለስ ከአቶ ወገኔ ስም ጎን ነፍስ ይማር የምትጻፍበት አንዲት ጠባብ ቦታ ቢፈቅዱልን ደግሞ ከሥሩ የባለቤታቸውን ስም በራሴ እጅ አስገባለሁ።

ከእርስዎም ከሟችም ጋር በአንድ መግቢያ የምሠራ፣
እስክባረር ድረስ ታማኝ ታዛዥዎ፣
ማናለብሽ አበረ
የጥርባ መሠረታዊ ማኅበር ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ በእጅና በካርቦን የተጻፈው ደመናውን ንቄ አይደለም፤ ዛሬ መግባት ስላልተቻለ ነው። ጠዋት ከቢሮዎ ለተለመደው ቁጥር ወደ ወይዘሮ እንቁ ተደውሎ ነበር። እሳቸውም እንደ ወትሮው እንዴት አደራችሁ ብለው፣ የሁላችሁንም ደኅንነት ጠይቀው ሲያበቁ «ስሙን የሰረዘው እሱ ራሱ ከሆነ፣ ቁጥሩንም እሱን ጠይቁት» ብለው ስልኩን ዘግተውታል።