አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ጨዋታ

ጥቅምት 6

ከቁርስ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ስለይ ዋልኩ። ያ ቀዩ ሲኖትራክ ክላቹ ሊያልቅ ነው... ለማን ልንገር? የሾፌር ጡረታ ይኸው ነው። ሁሉን ታውቃለህ፣ ማንም አይጠይቅህም።

ከሰዓት ሊዲ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ልጄ የፋብሪካ ሥራዋን ለቃ ጌም ትሠራለች። ሰው ሲጠይቀኝ "ኮምፒውተር ላይ ነች" ብዬ አልፋለሁ።

"አባዬ፣ ሞክርልኝ። የድሮ ዓይነት ጌም ነው።"

የድሮ ያለችው ሥዕሉ ሁሉ እንደ ቤት ንጣፍ በካሬ በካሬ ስለሆነ ነው። አንድ የመኪና ረዳት የጎማ መፍቻ ይዞ ከሞጆ ወደ አዋሽ ይሮጣል። ጅብና ሽፍታ ይደበድባል። ሾፌሩስ የት ሄደ? "ጋቢና ውስጥ ተኝቷል" አለችኝ። እኔን መሆኑ ነው?

ገና ሳይጀመር ይጠይቃል፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂቡቲ የተመላለስኩ ሰው "ቀላል" ልበል? ከባዱን ነካሁ። ከባድ ላይ ጅብ አንዴ ከነካህ አለቀልህ፣ ከሀ ትጀምራለህ። ከሞጆ ሳልወጣ ሞትኩ። ደግሜ ሞትኩ። ሊዲ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ጥቅምት 9

አብዱልመናን ደወለ። ሞጆ ላይ የጭነት መኪኖች ያሉት፣ ስንት ዓመት የነዳሁለት ሰው።

"ጋሽ ወልዴ፣ አዳዲስ ሾፌሮች ቀጥሬ ነበር። የሚያሠለጥንልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ይመጡልኛል?"

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን... "ኧረ እኔ በቃኝ፣ አርጅቻለሁ፣ ወጣት ፈልግ" አለ። እንደ ወጉ ነዋ። ሰው ስለተጠራ ብቻ ዘው ብሎ አይገባም። ይለመናል፣ ከዚያ እሺ ይላል።

"እሺ እንግዲህ ጋሼ፣ አላስቸግርዎ። ደህና ይሁኑ።"

ዘጋው! ደግሞ ይደውላል። ነገ፣ ወይ ከነገ ወዲያ።

ጥቅምት 11

አልደወለም። መንገድ ላይ ይሆናል።

ጥቅምት 14

ወደ መካከለኛ ወርጃለሁ። ማንም አላየኝም። እዚህ ሦስት ነፍስ ይሰጡሃል። የመታኸው ጅብ ሁሉ ብሎን ይጥላል (ጅብ ብሎን ምን ያደርግለታል?)። በብሎኑ ጋራዥ ገብተህ አፕግሬድ ትገዛለህ፦ ረጅም መፍቻ፣ ወፍራም ጃኬት፣ በአየር ላይ ሁለቴ የሚያዘልል ጫማ።

እኔ ቆጣቢ ነኝ። ለክፉ ቀን ብዬ ምንም ሳልገዛ አጠራቀምኩ። አዋሽ ድልድይ ላይ ግዙፍ ዝንጀሮ መጣና ገደለኝ። ብሎኔ ግማሹ ወንዝ ገባ!

"አባዬ፣ ጨዋታው እስካላለቀ የገዛኸው አፕግሬድ ስትሞትም ካንተ ጋር ይቀራል። የሚጠፋው ያልገዛህበት ነው" አለች ሊዲ። ይህን ሳልሞት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ነው የምጫወተው፣ ድንገት ቢደውል ብዬ። ባለቤቴ መሰለች አየችኝና "አንተው ለምን አትደውልለትም?" አለች። ሚስት ለመናገር ይቀላታል። እምቢ ብዬ ደግሞ ልደውል? ምን ይለኛል?

ጥቅምት 21

ዛሬ ተምሬ ብሎኔን ሁሉ ጫማና መፍቻ ላይ አዋልኩ። ድልድዩ ጋ ደረስኩ። ዝንጀሮው ሦስቱንም ነፍሴን ጨረሰ። ስክሪኑ ጠቆረና አንድ ጥያቄ መጣ፦ "ይቀጥላሉ?" አዎ፣ አይ። ሥሩ ቁጥር ወደ ታች እየቆጠረ።

"እርስዎ" ብሎ ነው የጠየቀኝ። ልጄን በወግ አሳድጌያታለሁ። እንዲህ በአክብሮት ሲጠይቁህ ምን ትላለህ? "አይ" ነካሁ። እስኪደግምልኝ ጠበቅሁ።

ጨዋታው አለቀ። ጫማዬ የለ፣ መፍቻዬ የለ። ተመልሼ ሞጆ!

"ምን ዓይነት ባለጌ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሊዲ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

"ለምን አይ አልክ? አዎ ብትል እኮ ከነአፕግሬድህ ከድልድዩ ሥር ትነሣ ነበር። አምስት ኮንቲኒው አለህ፣ አምስቴ መቀጠል ትችላለህ።"

"ሰው አንዴ ብቻ ይጠየቃል እንዴ?"

ፊቷ ተለዋወጠ። ለካ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘሃራም፣ የእድራችን ሰብሳቢም፣ ያስሞከረቻቸው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ እዚያው ላይ "አይ" እያሉ ተነሥተዋል።

"ጌሙን ጠልተውት መስሎኝ ስንቴ አለቀስኩ" አለች። ማልቀሷን አላወቅሁም ነበር። አንጀቴን በላችው። ዘሃራን ሄደሽ ጠይቂ አልኳት። ዘሃራ ምን አለች? "ደስ ብሎኝ ነበር ልጄ፣ ደግሞ የሚጠይቀኝ ጠፋ እንጂ።"

ጥቅምት 27

ተስተካከለ። አሁን "አይ" ስትለው "ኧረ ትንሽ ይጨምሩ" ይላል። አሁንም "አይ" ካልክ "በሞቴ!" ይላል። እምቢታህን የሚያምነው በሦስተኛው ነው።

አብሯት የሚሠራው ምንተስኖት ተናደደ። "ወጣቱ ይሰለቸዋል!" ተጨቃጭቀው ተስማሙ፦ ቀላል ላይ እስኪበቃህ ይለምንሃል፣ ኮንቲኒውም ገደብ የለውም። መካከለኛ ላይ ሁለቴ ይጠይቃል። ከባድ ላይ ጭራሽ አይጠይቅም። አብዱልመናን የት ላይ ነው የሚመደበው?

ማንም ሳያይ ቀላሉን ሞከርኩ። "በሞቴ" ሲለኝ... እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ማሽን ነው የለመነኝ። ከሰውስ ማን ለመነኝ?

ኅዳር 4

ዝንጀሮው ሞተ። መካከለኛ ላይ!

ኅዳር 12

መናኸሪያው አጠገብ ዲዳ የሚባለውን ልጅ አገኘሁት። ድሮ የኔ ረዳት ነበር። "አካም ጅርቱ ጋሼ!" በኦሮምኛ ሰላም ብሎ አቀፈኝ። አብዱልመናን ጋ አሠልጣኝ ሆኗል።

እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ጥሩ ልጅ ነው። ግን እኔም በሦስተኛው እሺ ልል ነበር እኮ... ሰውዬው በአንደኛው አምኖኝ ሄደ። ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ ባለባጃጅ "ላድርስዎ አባባ?" አለኝ። "አይ" አልኩ። እሱም ሄደ። ፀሐዩ እየከነተረኝ በእግሬ ገባሁ።

ኅዳር 14

ደወልኩ።

"አብዱልመናን፣ ያን ቀን አይ ያልኩህ ለወጉ ነው። መምጣት እፈልጋለሁ።"

በሳቅ ፈነዳ።

"ጋሽ ወልዴ፣ እኔም እኮ ልደግም ብዬ፣ እምቢ ያለን ትልቅ ሰው መነዝነዝ ነውር ነው ብዬ ተውኩት!"

ሁለት ጨዋዎች ወር ሙሉ ተፋጠን ከረምን ማለት ነው።

"አሁን ግን ዋናው አሠልጣኝ ዲዳ ነው። ከእሱ ሥር መሆን ቅር ካላለዎት..."

"አላለኝም።" አላስጨረስኩትም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቅር አለኝ። ከረዳቴ ሥር! መሰለች "አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?" አለች። ምንም አልኩ። ሸሚዜን ተኩሽልኝ አልኩ።

ታኅሣሥ 3

ሁለተኛ ሳምንቴ። ጋዲሴ የምትባለው ሠልጣኝ ዛሬ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳታበዛ በማርሽ ወረደችው። "ልክ ነኝ ጋሼ?" ብላ ጠየቀችኝ። ቀኑን ሙሉ ሲጠይቁኝ ይውላሉ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ደስ ብሎኛል።

እኩለ ቀን ላይ ዲዳ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ "ጋሼ፣ እንብላ" አለኝ።

"እሺ" አልኩና እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

ክው አለ። ለካ እሱም ለወጉ ነው የጠራኝ። የያዘው ለአንድ ሰው የሚሆን ሽሮ ነው። ተካፍለን በላን። ሁለታችንም አልጠገብንም።