በልክ የተቀረጸ ጨረር፦ የእትዬ ልኬት የሕይወት ታሪክ

በሆስፒታሉ ሁሉ "እትዬ ልኬት" እየተባሉ የሚጠሩት ታላቅ እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአስተማሪዋ እናታችን የካቲት 4 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን ልብሱን በስሱ አያይዘው ደንበኛው ላይ ሳይለኩ ጨርሰው አይሰፉም ነበር። ይህ ጠባይ በሱቁ ወለል ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀሙ ላደጉት እህታችን ተጋባባቸው። ዳቦ ሲያካፍሉን እንኳ በክር ይለኩ እንደነበር እኛ ታናናሾቻቸው ምስክሮች ነን።

በ1971 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመረቁ፤ ቀጥሎም በሕክምና ፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በጨረር ሕክምና ክፍል ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. የሆስፒታሉን የጥገና ክፍል ኃላፊ አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ክፍሉ የነበረው አንድ አሮጌ መሣሪያ ብቻ ነበር። ዘመናዊዎቹ ጨረሩን እንደ ዕጢው ቅርጽ እዚህ አጠንክረው እዚያ አለስልሰው ይሰጣሉ፤ ይህኛው ግን ያገኘውን ሁሉ እኩል ያቃጥላል። ጉሮሯቸውን የታከሙ ሰዎች ዕጢው ቢጠፋላቸውም ምራቃቸው ደርቆ መዋጥ ሲያቅታቸው ማየት እህታችንን እንቅልፍ ነሳቸው። አዲስ መሣሪያ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንዱ ቦታው ወፈር፣ ሌላው ሳሳ ያለ ነሐስ አስልተው፣ ከባለቤታቸው ዘንድ አስቀርጸው፣ በጨረሩ መንገድ ላይ ገጠሙት። ነሐሱ በወፈረበት ጨረሩ ይለዝባል። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ነሐሱ መጀመሪያ የሰውን አካል በሚተካ የውኃ ገንዳ ላይ ተሞክሮ ጨረሩ ሳይለካ ማንም ሰው አልጋው ላይ አይወጣም። የተቻኮለ ሐኪም በራቸው ላይ ቆሞ ቢቆጣ ፈገግ ብለው ወንበር ይስቡለታል እንጂ ፍንክች አይሉም።

በ2006 ዓ.ም. ያው ሕመም የእርሳቸውን ጉሮሮ ያዘው። ውጭ አገር ሄደው እንዲታከሙ ለመንናቸው፤ ልጃቸው አለቀሰች። እርሳቸው ግን፣ "ሰው ያስተኛሁበት አልጋ ላይ እኔ አልተኛም ካልኩ፣ ነገ ማን አምኖ ይተኛበታል?" አሉ። ያስተማሯቸው ባለሙያዎች መምህራቸውን ለማዳን ሲጣደፉ የነሐሱን ግራና ቀኝ አገላብጠው ገጠሙት። ስሕተታቸውን ያጋለጠው የውኃው ልኬት ነው። እንደዚያው ቢሆን ዕጢው ተርፎ ጤነኛው ጎናቸው በተቃጠለ ነበር። አፍረው ሲነግሯቸው፣ "ታዲያ ውኃው ለምን ተቀመጠ?" ብለው ሳቁ። ተስተካክሎ ታከሙ፤ ዳኑ። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረው ሦስት የልጅ ልጆች አዩ፤ መዋጥም ስላላቃታቸው ማዕድ ላይ ከእርሳቸው ቀድሞ የሚጠግብ እንጂ በልቶ የሚበልጣቸው አልነበረም።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን በብርቱ ናፍቆት ትተውናል።

የተጀመረ የጨረር ሕክምና ቀን ሊዘለልበት እንደማይገባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተናገሩ፤ በመጨረሻም "በእኔ ቀብር ምክንያት የማንም ቀጠሮ እንዳይታጠፍ" ብለው ተናዘዙ። ቀብራቸው አመሻሽ ላይ የሆነው ለዚህ ነው። ይህ በሚነበብበት ሰዓት ጠዋት የተቀረጸው ነሐስ በውኃ ተለክቷል፤ የዕለቱ የመጨረሻ ታካሚም ከአልጋው ወርዷል። ባልደረቦችዎ ሥራቸውን ጨርሰው አጠገብዎ ቆመዋል።

እህታችን፣ ማንም አልቀረብዎትም፤ አሁን ይረፉ። ፈጣሪ ምሕረቱን ሳይለካ ያፍስስልዎ።