በስምህ የፈረምኳቸው ቀናት

ውድ ሎጋው፣

ባለፈው ስደውል እናትህ ስልኩን ጆሮህ ላይ ይዘውልህ ነበር። እኔ ግን የማወራው ጠፍቶኝ ስለ ዝናቡ ቀባጥሬ ዘጋሁት። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። እሳቸው እንደሚያነቡልህ አውቃለሁ። እትዬ፣ እባክዎ አንድም መስመር አይዝለሉበት።

መጀመሪያ የፈረምኩልህ ቀን ስቀን ነበር። ራሴን አሞኛል ብለህ ቀረህ። አቴንዳንሱ ሲዞር በስምህ ፈረምኩና ዶርም ስመለስ፣ ዛሬ አጠገቤ ቁጭ ብለህ በደንብ ስትማር ዋልክ አልኩህ። ሆድህን ይዘህ ሳቅህ። ከዚያ ወዲያ የሳቅህበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ፊርማህ ቀላል ነው፤ አንድ ጥምዝ፣ ከሥሩ ደግሞ መስመር። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኔን ጨፍኜም እሠራው ነበር። ከካፌ ዳቦ በኪሴ አምጥቼ ትራስህ አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ ከትምህርት ስመለስ ደርቆ እዚያው አገኘዋለሁ። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረሃል። እኔ ደግሞ ቀልደኛው፣ ሎጋውን አልጋው አጥሮት እየታጠፈ ነው እያልኩ የክፍላችንን ልጆች አስቅ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቼ ነው። ምን እንደሚባል ስላላወቅኩ ነው።

ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ስሙ ለግቢው አማካሪ እንደሚላክ ሁላችንም እናውቃለን። የመሰለን ለቅጣት ነበር። ስሙ የሄደ ሰው አለቀለት ይባል ነበር፤ ማን እንዳለው ግን እንጃ። አንድ ቀን ፊትህን ሳታዞር፣ "ለሆነ ሰው ብናገር ሳይሻል አይቀርም" አልከኝ። እኔ ምን ብዬ መለስኩልህ? "አርፈህ ተኛ፣ እኔ አለሁልህ።" ይህችን ቃል እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

ከሁለት ወር በኋላ አባትህ መጥተው ሲወስዱህ እጅህን እንደ ሕፃን ይዘውህ ነበር። ሻንጣህን መኪናው ድረስ ተሸከምኩልህ።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ሲታመም አማካሪዋ የት ነበረች የሚል ነበር ጥያቄው። ከሥራ ሊያሰናብቷት እንደሆነ ስሰማ አላስችል ብሎኝ ወደ ቢሮዋ ሄድኩ። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበርና አንድ ፔርሙዝ አላት፣ በሩ ላይ ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች። ለዚያ ሁሉ ሺህ ተማሪ እሷ ብቻ ናት። የቀረ ተማሪ ስም ሲደርስዎት ምን ያደርጋሉ ብዬ ጠየቅኳት።

"ዶርሙ ድረስ ሄጄ አንኳኳለሁ" አለችኝ። "ምነው ጠፋህ እለዋለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ ልጄ?"

ያንተ ስም ደርሷት አያውቅም። በወረቀት ላይ ከሁላችንም የበለጥክ ትጉህ ተማሪ ነበርክ።

ኮሚቴው ፊት ቆሜ ተናዘዝኩ። ዲኑ የሁለት ወሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ የፈረምኳቸውን አንድ በአንድ እንዳከብባቸው እስክሪብቶ ሰጡኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ። አንድ ዓመት ታግጃለሁ፤ አይክፋህ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት። አማካሪዋ ሥራዋ ላይ አለች። አሁን በየዶርሙ እየዞረች፣ ስማችሁ ሲደርሰኝ ልከሳችሁ ሳይሆን ልጠይቃችሁ ነው የምመጣው እያለች ትናገራለች። አጋዥም ሊቀጥሩላት ነው አሉ።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። አክስቴን ላስታምም ሆስፒታል የዋልኩበት አንድ ማክሰኞ ነበር። ያን ቀን የሚፈርምልህ አልነበረም፤ ዲኑ በዘረጉት ወረቀት ላይ ከስምህ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ልለፈው ስል ዲኑ ጣታቸውን የእኔ ስም ላይ አሳረፉ።

"ይኸኛውስ? ያንተ ነው?" አሉኝ።

የእኔን ፊርማ ለማስመሰል የተደከመበት ነው። እኔ የማልሠራት ያንተ መስመር ግን ከሥሩ ተሰምራለች። ሎጋው፣ ከአልጋ መውረድ ያቃተህ ልጅ ያን ቀን ተነስተህ፣ ጫማህን አስረህ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው መማሪያ ክፍላችን ድረስ በደረጃ ወጥተህ ፈረምክልኝ። እስክሪብቶው እጅህ ላይ ነበር። ለራስህ አልፈረምክም።

ረስተኸው ነው? ወይስ አንድ ቀን እንኳ መቅረትህ እንዲታወቅልህ ፈልገህ? ዲኑ ውሃ አስመጡልኝ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። አልቀልድብህም፤ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ሲመችህ ትነግረኛለህ። አትቸኩል፣ ዓመት ሙሉ ሥራ የለኝም።

የላይኛው አልጋ ወንድምህ