አራተኛው መሻገሪያ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ባለቤትህ ኸይሪያስ ከወሊዷ ጠናች ወይ? ሕፃኗ ጡት በደንብ ትይዛለች? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ቦንጋ ዝናቡ ገና አልለቀቀም።

በስልክ መናገር ያቃተኝን ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤውን የያዘው ሾፌር በጅማ ዞሮ ያደርስልሃል።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን የወንዛችንን ሸለቆ አቀማመጥና የሰዉን መተዳደሪያ አጥንቼ እንዳቀርብ አዞኝ ነበር። መንገዱን የሚያውቁት አባባ ስለሆኑ እሳቸው መሩኝ። ከእኛ በኩል ማር፣ ኮረሪማና የጫካ ቡና ይሻገራል፤ ከእናንተ በኩል በቆሎ፣ ጨውና የሸክላ ድስት ይመጣል። ወንዙ ወሰን የሆነው ለመንግሥት እንጂ ለገበያተኛው አይደለም እያሉ አስረዱኝ። ሰዉ ሁሉ የሚያውቃቸውን ሦስት መሻገሪያዎች ካርታው ላይ አስቀመጥኩ። ወንዙ በሁለት አለት መካከል ከሚጠብበት፣ ከሐረግ ድልድዩ ስንደርስ ግን እጄን ያዙኝና፣ «ይቺን አትጻፊያት። ሁሉም የተዘጋ ቀን የምንገናኘው በዚች ነው» አሉኝ።

ሰኔ ላይ በግጦሽ ጠብ ሰው ሞቶ ወሰኑ ሲዘጋ የመንግሥት ታጣቂዎች ሦስቱን መሻገሪያዎች ዘጉ። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ ጫካውን ሰንጥቀው ሄደው የአራተኛውን ሐረግ ቆረጡት። ወረቀት ይዘው ነበር። ወረቀቱን በኋላ አይቼዋለሁ።

ማሩ ገዢ አጥቶ ቤት ቀረ፤ የሴቶቹ ኮረሪማ ሻገተ። ሰዉ ማን እንደጠቆመ ሲፈልግ አባባ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሰላምታ ነሳቸው። ቀፎ ሲሰቅሉ የሚያግዛቸው ጠፋ። አንተም ወሬው ደርሶህ ስልካቸውን ማንሳት ተውክ። አልወቅስህም።

ኸይሪያ መገላገሏን ሲሰሙ ለአራሷ ነጭ ማር በቅል ያዙ። ነሐሴ ነበር፤ ወንዙ ሞልቷል። ማለዳ ደውለው፣ ልጄ የመጀመሪያውን ወልዶ ሳላይ አልቀርም አሉኝ። አይሂዱ አላልኳቸውም። እውነቱን እሳቸው ነግረውህ ይመለሳሉ፣ እኔም እገላገላለሁ ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንተ ራስህ ከታች፣ ወንዙ ከጣላቸው ቁጥቋጦ አውጥተህ ቀበርካቸው። ለቀብር እንኳ መሻገር አልቻልኩም። ደውለህ፣ «ራሳቸው ባስቆረጡት ድልድይ ሞቱ» ብለህ ስታለቅስ አላረምኩህም።

አሁን መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን ወዶት በቢታ ገነት በኩል ያለውንም ሸለቆ አጥኚ ብሎኛል። ሥራ መልቀቂያ አስገብቻለሁ።

ወንድሜ፣ መቃብራቸው ላይ ስትቆም በቂም አትቁም። አባባ ያችን መሻገሪያ ያሳዩት ለአንድ የቢሮ ሰው ብቻ ነው። ልጃቸው ስለሆነች አምነዋት ነው። እሷ ግን ጻፈቻት።

እግዚአብሔር ሕፃኗን በዕድሜ በጤና ያሳድግልህ፣ ቤትህን ይጠብቅልህ። መልስ ባትጽፍልኝም ይገባኛል።

ታናሽ እህትህ