አሥራ አራት መንደሮች በአንድ ሱቅ ደጃፍ

ለተከበሩ የአምቡላንስ ስምሪት ሠንጠረዥ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? ኮምፒውተርዎስ? እኔ፣ ሮብ ገበያ ላይ ስኳር፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ የምሸጠው አብዱልቃኒ፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ የለጠፍሁት ቀደም ሲል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ከመዝገብ ቤት አልወጣ ስላሉ እንጂ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው በአደባባይ ለማሳጣት አስቤ አይደለም። ሠንጠረዥ እንደሚወዱ ስለማውቅ ነገሬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ባለፈው ነሐሴ የክፍልዎ ባለሙያ የአሥራ አራት መንደሮችን መገኛ በስልክ እንዲመዘግብ ሲላክ፣ በዳገት ጉልበቱን ከማድከም ይልቅ በገበያ ቀን መጥቶ ባላገሩን እዚሁ መጠበቁን እንደ ትልቅ ዘዴ አደንቃለሁ። ዝናብ ስለነበር ከሱቄ በረንዳ ሥር ተጠለለ። የየመንደሩ ሰው እየተጠራ ፊቱ ሲቆም ስልኩን ተጭኖ የቆመበትን ቦታ ቁጥር ይይዛል፣ የመንደሩን ስም ይጽፋል፣ ቀጣዩን ይጠራል። በዚህም ምክንያት በእርስዎ ኤክሴል ላይ አሥራ አራቱም መንደሮች፣ ከጮቄ ሥር ያለው አስታ ሜዳ ሳይቀር፣ የሱቄ ደጃፍ ላይ ሰፍረዋል። በቁጥሮቹ መካከል የሚታየው ጥቂት ልዩነት ሰልፉ ስለተጣመመ የመጣ ነው። ይህን ሁሉ ጎረቤት በአንድ ቀን ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ።

2. ይህንኑ ባመለክት እርማት ተደረገ። በታረመው ሠንጠረዥ ላይ የሰሜኑ ቁጥር በምሥራቁ ዓምድ፣ የምሥራቁም በሰሜኑ ዓምድ ገብቶ ነበር። ኮሌጅ የጨረሰችው ልጄ ፋኢዛ በስልኳ ካርታ ከፍታ ብታሳየኝ፣ አሥራ አራቱ መንደሮች ከቱኒዚያ በስተሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ገብተዋል። የእኛ ደጋ ሰው ብርዱን ይችለው ነበር፤ ዋና ግን የሚያውቅ የለም። ከሳምንት በኋላ የቀድሞው ሠንጠረዥ በሥራ ላይ ይዋል ስለተባለ መንደሮቹ ከነነፍሳቸው ወደ ደጄ ተመልሰዋል።

3. የቀድሞው ሹፌር ገብረ ሚካኤል ስልኩ «ደርሰዋል» ባለው ቁጥር ወደ ሱቄ ብቅ ብሎ፣ ዛሬ የታመመው የየት መንደር ሰው እንደሆነ ነግሮኝ፣ መንገዱን ጠይቆኝ ይሄድ ነበር። በሽተኛም ይደርስ ነበር። ክፍልዎ ይህን ከባድ ጥፋት ደርሶበት፣ ከተሰጠው ነጥብ ውጭ ነዳጅ አቃጥሏል በማለት ከመኪናው አንሥቶታል።

4. በጥር ወር በአንድ ዓርብ ቀን የአስታ ሜዳው ገበሬ ደምለው ሚስቱን ወለተ ሐዋርያትን ምጥ ቢይዛት፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ሮጦ ደወለ። መኪናው እየመጣ ነው ተባለ። እውነትም መጣ፤ መጥቶም ሱቄ ደጅ ቆመ። እኔ የጁምዓ ሶላት ላይ ስለነበርሁ ሱቁ ዝግ ነበር። አዲሱ ሹፌር ከነጥቡ እንዳይነቃነቅ ታዝዟልና አርባ ደቂቃ ጠበቀ፤ ለደምለው ቢደውል መሥመሩ አልገባ አለው። በመጨረሻም ከቦታው ደርሼ ታካሚ አላገኘሁም ብሎ ጽፎ ተመለሰ። ወለተ ሐዋርያትን ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ሁለት ሰዓት ተኩል ቁልቁል ወረዱ። እሷ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ላይ የማሾፈው ነገር የለኝም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሱቄን በር ስከፍት እጄ ይከብደኛል።

5. በዐሥረኛው ቀን ለደምለው ከክፍልዎ ደብዳቤ ደረሰው። ለሐዘን መስሎት ነበር። የተጻፈው ግን በሐሰት ጥሪ መኪና በማንከራተቱ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠውና አስታ ሜዳ ለስድስት ወር ከሠንጠረዡ እንደተሰረዘ ነው። እነሆ ከደጄ በሕጋዊ መንገድ የለቀቀ የመጀመሪያው መንደር ይኸው ሆነ። በዚያው መንደር ፀደንያ የምትባል ነፍሰ ጡር ሴት አለች፤ የመጀመሪያዋ ነው፣ ወሯም ገብቷል። ስድስት ወር እንድትታገሥ ክፍልዎ በደብዳቤ ያሳስባት እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀደንያ ሳትወልድ አስታ ሜዳን ይመልሱ። ስለ ድፍረቴ የሚቀጣ ሰው ካስፈለገ ሱቄን ያሽጉት፤ ቦታውን ለማግኘት እንደማይቸገሩ እርግጠኛ ነኝ።

ዘመንዎ ይባረክ፣ ወንበርዎ ይጽና፣ ዓምዶችዎም በየቦታቸው ይቁሙ እያልሁ፣ ያለ ሹመት የአሥራ ሦስት መንደሮች ደጅ ጠባቂ የሆንሁት፣

ታዛዥዎ አብዱልቃኒ
ሮብ ገበያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከፋኢዛ ጋር አስታ ሜዳ ድረስ በእግር ወጥተን፣ ከነወለተ ሐዋርያት በር ላይ ቆመን ቁጥሩን መዝግበናል። ሰሜኑ በሰሜን፣ ምሥራቁ በምሥራቅ ሆኖ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ወለተ ሐዋርያት ወተት አቅርባልን ሳለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጋሼ አብዱልቃኒ፣ ያን ዕለት መኪናው የት ቆሞ ነበር?» አለችኝ። ወተቱን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ተነሣሁ። ቁጥሩን ያያያዝሁልዎ ሄደው እርስዎ እንዲነግሯት ነው።