የብዕሩ ክዳን

ውድ ዘርዝር፣

ደብዳቤው ፖስታ የሌለው ረስቼ አይደለም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግርሃለሁ። አሁን ግን ቀና ብለህ ማን እንደሚያይህ አትቃኝ፤ ዝም ብለህ አንብብ።

ይህን ያህል ዘመን ተኳርፈን ከርመን ዛሬ በድንገት «ውድ» ብዬ ስነሳ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። እኔ ብሆን ከዚያም የባሰ እል ነበር። «ስንጥር» ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተው አይደለህ? በየስብሰባው «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» እያልኩ ስላስቸገርኳችሁ። ስሙ ከቢሮ ቢሮ ተከትሎኝ ይኸው ተማሪዎቼም ከጀርባዬ ይጠሩኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። እኔም አልማርኩህም። ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲልህ እንኳ «ዘርዝረው እስቲ» ስለምትል ዘርዝር አልኩህ፣ ስሙም ተጣብቆብህ ቀረ።

እንግዲያው ልዘርዝርልህ።

ሰኞ ጠዋት አጣሪ ኮሚቴው ጠራኝ። ክፍሉን ታውቀዋለህ፣ ድሮ የሠራተኞች ማኅደር የሚቀመጥበት ነበር። መደርደሪያዎቹን አውጥተው ረጅም ጠረጴዛ አስገብተውበታል። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ በሩ ግን ገርበብ ብሏል። ለምን ገርበብ አለ? ውጭ የሚያዳምጥ ሰው ይኖር ይሆን? ወንበሬን አዙሬ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው፣ ያ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሽማግሌ፣ ሻይ አስመጡልኝ። አልነካሁትም። «ጉዳይ ያለበት ሰው ያቀረበላችሁን ውሃ እንኳ አትቅመሱ» እያልኩ ልጆቹን ሳሠለጥን ኖሬ እዚያ ተቀምጬ ሻይ ልጠጣ?

«ሻዩ መርዝ የለውም» አሉኝ ፈገግ ብለው።

«አውቃለሁ፣ ስኳር ነው ያለው» አልኳቸው።

ፈገግታው ጠፋ፤ ወደ ጉዳያችን ገባን።

ነገሩን አንተም ታውቀዋለህ፣ ከፈታኞቹ አንዱ ነበርክና። ለመንግሥት ዐቃቤ ሕግነት በተሰጠው የቃል ፈተና ላይ «አለቃህ ያላየኸውን ነገር አይቻለሁ ብለህ እንድትፈርም ቢያዝህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ተጠየቀ። ጥያቄውን ያወጣኸው አንተ ነህ። ተማሪዎቼ ደግሞ ተራ በተራ እየገቡ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፣ አንድ ዓይነት ታሪክም አወሩ፦ የመጻሕፍት መጋዘኑን ታሪክ። አንተ ለፈታኞች በጻፍከው የመልስ መመሪያ ላይ ያለው ምሳሌም ያው መጋዘን ነው። ሌሎቹ ፈታኞች እርስ በርሳቸው ተያዩ። የልጆቹ ውጤት ታገደ።

«ልጆቹ ታሪኩን የነገረችን መምህራችን ናት ይላሉ» አሉ ሰብሳቢው። «አንቺስ ከየት አመጣሽው?»

«ከሕይወቴ ነው።»

«እሱም ከሕይወቴ ነው ብሎ ጽፏል። አንድ ሕይወት ለሁለት ሰው ይታደላል እንዴ?»

«እኔና እሱ አብረን ነበር የምንሠራው። ያን ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።»

«አጠገብሽ ነበር?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ልጆችሽ ባወሩት ታሪክ ውስጥ የታለ? አንዲት ሴት ብቻ ናት ያለችው። በእሱ ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ወንድ ብቻ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት አላየሁም።»

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩ።

ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ወደ እኔ ገፉ። «ጥያቄውን አስቀድሞ የነገረኝ እሱ ነው» ይላል፣ ከሥሩ የኔ ስምና የፊርማ ቦታ። ድምፃቸው የባሰ ለሰለሰ። «አንቺ ላይ ጣቴን መቀሰር አልፈልግም፣ ልጄ። ለክፍል ዝግጅት መስሎሽ ተቀብለሽው ይሆናል። ብትፈርሚ ልጆቹ እንደገና ይፈተናሉ፣ አንቺም ማስተማርሽን ትቀጥያለሽ።»

«ባልፈርምስ?»

«አጥፊው ካልታወቀ ሁሉም አጥፊ ነው። ልጆቹ ከመንግሥት ቅጥር ይታገዳሉ። እሱም ሐሙስ ይመጣል፣ ለእሱም የተዘጋጀ ወረቀት አለ። እስከ ረቡዕ አስቢበት። ከእሱ ጋር ግን በስውር እንዳትገናኚ።»

በአንተ ወረቀት ላይ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነ አልጠየቅሁም። መጠየቅ አያስፈልገኝም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከዚያ ክፍል የወጣሁት ልፈርም ቆርጬ ነው። ንዴቴ ከደረጃው በላይ ይረዝም ነበር። ኮሚቴው ባሳየኝ መመሪያህ ላይ «አንድ ወጣት ዐቃቤ ሕግ ብዕሩን ከድኖ አስቀመጠ» የሚለውን በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ብዕር ከድና ያስቀመጠችው እኔ ነኝ! ሌላው ቢቀር ያን ቀኔን እንኳ ልትተውልኝ አልቻልክም? ቤት ገብቼ እራት ሳቀርብ ለእህቴ ነገርኳት። «መቼም እሱ የሰው ነገር አይወስድም» አለችኝ። ለአንተ ስታደላ ድሮም እጠረጥራት ስለነበር ወሬውን ወደ እራቱ መለስኩት።

ዛሬ ማክሰኞ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይዞኝ ነቃሁ። ጥያቄውን አውቀህ ብታመጣውስ? ልጆቼ ታሪኩን እንደሚያወሩ አውቀህ፣ ሌሎቹ ፈታኞች እንዲጠረጥሩ፣ ለዐቃቤ ሕግነት የማሠለጥንበት ትምህርትም እንዲዘጋ? ትምህርቱን ተክለን ያቆምነው ሁለታችን ነን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ልጆቹ እስኪያልባቸው ድረስ ስናከራክር ትዝ ይልሃል? አንተ ሁልጊዜ ለተረቱ ጠበቃ ሆነህ ትቆም ነበር፤ አቤት አቋቋምህ፣ አንዳንዴ ከምርህ ይመስለኝ ነበር። ባለጉዳይ ሲገባ ተነስቶ መቀበልን ያስተማርናቸው አብረን ነው። ዛሬም ንፋስ በሩን ሲከፍተው ክፍሉ በሙሉ ብድግ ይላል። ክስ ስትጽፉ የተከሰሰው ሰው አንብቦ በምን እንደተከሰሰ ይግባው ያልናቸውም አብረን ነው። ከዚያ አንድ ቀን አንተ ፈተናውን ወደሚያወጣው መሥሪያ ቤት መዛወርህን ፎቶ ኮፒ ከምታነሳልን ልጅ ሰማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰው ሁሉ ሰምቶ ነበር። «በሩን ከውጭ ከማንኳኳት ከውስጥ መክፈት ይሻላል» አልከኝ። እኔም «ከውስጥ የሚከፍት ሰው ከውስጥም ይዘጋል» አልኩህ። የመጨረሻ ንግግራችን ያ ነበር። ታዲያ ዛሬ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ «ይኸው ዘጋው» ብዬ አመንኩ።

ልጆቹንም ሳልጠረጥር አልቀረሁም። ክፍል ስገባ ተነሱ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ግን ማናቸውም ዓይኔን አላዩም። ወሬያቸውን አቋርጠው ነበር። የእኔን ክፍል እሳት የሚያየው መስሎኝ አያውቅም ነበር፤ ለካ እሳት ካየው ምን ለየው ነው።

ከትምህርት በኋላ አጭሯ መጣች። አታውቃትም፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮዋን የምትጠርግ ልጅ ናት። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ልጅቷ ከዐቃቤ ሕግነት ሌላ ምኞት የላትም። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«መምህር፣ እኛ ሌባ ነን እንዴ?»

«ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ግን እናቴ ጠየቀችኝ። 'ተሰርቆ የተሰጣችሁ ነገር አለ?' አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?»

ግቢ አልኳት፣ ገባች። የፈተናውን ክፍል ዘርዝሪልኝ አልኳት (አንተን መሰልኩ)። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንዳለ። ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች። ታሪኩን እያወራች «አንዲት ወጣት ዐቃቤ ሕግ ብዕሯን ከደነች» ስትል፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ፈታኝ አቀርቅሮ እንደነበር ነገረችኝ።

«ከዚያ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉ። እኔን ለማሳሳት መስሎኝ ነበር። አሁንም አልገባኝም።»

«ምን አለ?»

«'ሁለት ነበሩ' አሉ።»

ዘርዝር፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ «አመመዎት?» ብላ ደነገጠች።

አንተ በወረቀትህ ላይ አንድ ሰው ጽፈሃል። እኔ ለክፍሌ አንድ ሰው ነግሬያለሁ። አንዲት ልጅ ፊትህ ቆማ ያን ቀን ስታወራልህ ግን ከአፍህ ያመለጠህ «ሁለት» ነው። ሊያሳብቅብኝ ወይም ሊያጠምደኝ የመጣ ሰው እንዲህ አይልም። እንዲህ የሚለው እዚያ የነበረ ሰው ነው።

ያን ቀን ታስታውሳለህ። ገና ከትምህርት ቤት የወጣን ነን፣ ጫማችን እንኳ የምርቃታችን ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት መጋዘን ውስጥ በስብሰው ተገኙ፣ ጥፋቱም የመጋዘን ጠባቂው ቸልተኝነት ነው ተባለ። አለቃችን «በአካል ተገኝተን አይተናል» የሚል ሪፖርት አስተይቦ ጠረጴዛችን ላይ አኖረው። መጋዘኑን ሁለታችንም አላየነውም። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ይሄ» ያልከው አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ? «ፈርሙና ምሳ ሂዱ» አለን። አልፈረምንም። ጮኸብን፣ «ሕፃናት» አለን፣ በማግስቱ ግን መኪና ሰጥቶ ላከን። መጋዘኑ ስንደርስ ጣሪያው ተከፍቶ ሰማይ ይታያል። ጠባቂው ጣሪያው ይጠገን ብሎ አመልክቶ ሰሚ ያጣ ሰው ነበር። ሥራውን ሳያጣ ቀረ። አመራረቁን ታስታውሳለህ? እየመረቀን ያለቅስ ነበር።

አንተ አብረኸኝ ስታስተምር ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። መናገር የጀመርኩት ከሄድክ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። አንተ እያለህ ብቻዬን ልሆንበት አልችልም ነበር። አንተም እኔ አጠገብህ ብኖር በመመሪያህ ላይ እንዲያ ባልጻፍክ። ተኳርፈን አንዱ ሌላውን ከታሪኩ አስወጣው፤ ይኸው እውነቱን ስንናገር ውሸት መሰለብን። የልጆቹን ዕድል ያገደው ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

አሁን ፖስታው ለምን እንደቀረ ልንገርህ። ነገ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ክፍቱን ለሰብሳቢው አስረክባለሁ። በስውር አትገናኙ አሉን እንጂ እሳቸው እያነበቡ አትገናኙ አላሉንም። የምስክርነት ቃሌ ይህ ነው፤ ያን የእሳቸውን ወረቀት ባዶውን እመልሳለሁ። ሐሙስ ስትገባ ከአንተ ወረቀት ጋር አንድ ላይ እንዲሰጡህ እለምናቸዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምታነበው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሻይ ቀርቦልህ ነው። እንዳትነካው።

ያየሁትን እነሆ፦ እኔና እሱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ነበር። አለቃችን ፈርሙ አለን። ሁለት ብዕሮች ተከድነው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ይህ ታሪክ የሁለታችንም ስለሆነ እሱ በፈተናው ላይ፣ እኔ በክፍሌ ውስጥ ተጠቀምንበት። ጥያቄ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ከተኳረፍን ጀምሮ ሰላምታ እንኳ ሰጥቶኝ አያውቅም። ልጆቹ የተማሩትን መለሱ።

ማን ቀድሞ ከደነ? ሰብሳቢው ይህን መጠየቃቸው አይቀርም፣ አንተም ሳትናፍቀው አትቀርም። አላየሁም። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነበር። እኔ ነኝ እያልኩ ስኖር ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ስፈርም ኖሬያለሁ ማለት ነው፤ ያውም ስለዚያው ነገር እያስተማርኩ። ስለዚህ ያን ቦታ ባዶውን ትቼዋለሁ።

አልደብቅህም፣ አሁንም እጠረጥርሃለሁ። አመሌ ነው። ይህን ከማንበብህ በፊት የኔ ስም ያለበትን ወረቀት ፈርመህ ይሆናል ብዬ እያሰብኩ ነው የምጽፈው። ፈርመህ ከሆነም ቃሌን አልለውጥም፤ ያየሁት ያው ነው። አጭሯ ግን ዛሬ ማታ እናቷ ፊት ትቀመጣለች፤ እኔ የምችለውን ብያት ልኬያታለሁ። «ለእናትሽ የተሰረቀ ነገር የለም በያት፣ ሁለት ሰዎች ያዩት ነገር ነው በያት» አልኳት።

«ሁለተኛውም እንዲህ ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እሱን እሱ ያውቃል» አልኳት።

ከስሜ በታች አንድ መስመር ትቼልሃለሁ። ያየኸው እኔ ካየሁት አንድ ከሆነ ፈርምበት። ካልሆነ ብዕርህን ክደን።

ስንጥር

……………………………