ለራሱ ያልጠረበው በርጩማ

ልጄ ሰሊማ፣ አሰላሙ ዓለይኪ። አላህ የሰው አገር ያለስልስልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰቃ ያለችው አክስትሽ ግን ቡናዋ አበባው ያለ ጊዜው ረግፎባታል።

አባትሽ ሱቁን ለወንድምሽ ለሙኒር ከለቀቀ ወዲህ በርጩማ መጥረብ እየተማረ ነው። ጅሬን ያለው ጠራቢ አብዱልሃዲ ነው የሚያስተምረው። በዚህ ዕድሜህ ምን አመጣህ ስለው «ለደስታዬ ነው» አለኝ። መጀመሪያ የተንጋደደ እግር ባወጣ ቁጥር እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። አሁን አይስቅም። ጓሮ ቁጭ ብሎ ከፈጅር እስከ መግሪብ ይጠርባል። ባለፈው ቀበቶውን በሚስማር ሲበሳ አየሁት፤ አዲሱ ቀዳዳ ሦስተኛው ነው። ያከሳው ይሄ ሥራ ነው ብዬ መጥረቢያውን ደበቅሁበት። ለመነኝ። በአርባ ዓመት ትዳር ለምኖኝ አያውቅም፤ መለስሁለት።

ትናንት አራተኛውን ጨረሰ። አንዱ የሙኒር፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ ያንቺ ነው። ይሄኛው ገና ላልወለድሽው ልጅ ነው አለኝ። «ያንተስ?» አልሁት። «ዺሲ፣ ተዪው ሐጂራ፤ እኔ መቼ ልቀመጥበት ብለሽ» አለኝ።

እባክሽ ደውዪና «አባ፣ የራስዎን ሠርተው ይጠብቁኝ» በይው። አንቺን እምቢ አይልም። ግንዱን እኔው ገዝቼ ጓሮ ጥላ ሥር አኑሬለታለሁ። አብዱልሃዲ ግን «እርጥብ ግንድ ቀን አይሰጥም፣ ቶሎ ካልተጠረበ ይሰነጠቃል» ብሎኛል።

አላህ ሁላችንንም በአንድ በረንዳ ያስቀምጠን።

እናትሽ ሐጂራ